በየስሙ የቆመው ከርሰር

ዓረብ አገር፣ አል ዋክራ በምትባል ከተማ ከጋሽ ታደሰ ጋር አንድ ክፍል እንኖር ነበር። እሳቸው ሾፌር ናቸው፤ እኔ ጥበቃ እየሠራሁ የኮምፒውተር ኮድ መጻፍ እማራለሁ። በኮሮና ጊዜ አቡ ሃሙር ያለው ቤተ ክርስቲያን ሲዘጋ፣ በጸሎት የሚታሰቡ ሟቾችን ክርስትና ስም በላፕቶፔ፣ ኮድ በምጽፍበት ኤዲተር ይመዘግቡ ጀመር።

እንደ ድሮ ሰው በስሞቹ መካከል ሁለት ነጥብ ያስገባሉ። ኤዲተሩ ግን ሁለት ነጥብ አያውቅም፤ ወደሚቀጥለው ቃል ሂድ ሲባል ከርሰሩ፣ ብልጭ ድርግም የሚለው ጠቋሚ፣ መስመሩን በሙሉ ይዘላል።

«ሰው እንዲህ ይዘለላል እንዴ?» ብለው ተቆጡ።

ሦስት ቀን የኤዲተሩን ኮድ ስታገል ሰነበትኩ። በመሃል እህቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «የእማዬ ስልክ ተበላሽቷል» አለችኝ፤ እሺ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ሲስተካከል ጋሽ ታደሰን ጠርቼ ቁልፉን ተጫንኩ። ወልደገብርኤል ላይ ቆመ። ደግሜ ስጫን ገብረሚካኤል ላይ ቆመ።

«ኸላስ፣ ሠርቷል፣ ተወው» ብለው ላፕቶፑን ሊዘጉት እጃቸውን ዘረጉ። እኔ ግን በሥራዬ ኮርቼ አንዴ ጨመርኩ።

ወለተሐና ላይ ቆመ። የእናቴ ክርስትና ስም ነው።

ቀና ስል ጋሽ ታደሰ ኮፍያቸውን አውልቀዋል።

«ዓርብ፣ በእረፍትህ ቀን ልንነግርህ ነበር» አሉኝ።