ዳገት የወጣው ቃል

ሰኞ የካቲት 17 ቀን 1978 ዓ.ም. ከቀትር በፊት፣ አምስት ሰዎች በተቀመጡበት የኮሚቴ ክፍል ውስጥ፣ ቅዳሜ ዕለት ቃል የገባልኝ ሰው «ሜሞሪ ባለበት ይቅር የምትሉ» ሲባል እጁን አነሣ። በደሉ ይህ ነው። ማንም አልታሰረበትም፣ ማንም እንጀራውን አላጣበትም። በዚያ ዘመን እጅ በማንሣት ከዚህ እጅግ የከፋ ይደረግ እንደነበር ስለማውቅ የደረሰብኝን በደል በልኩ አስቀምጠዋለሁ። ልኩን ማወቄ ግን አላሳነሰውም።

ያን ጊዜ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። ማሽኑ ሙቀት ስለማይወድ ክፍሉ ዓመቱን ሙሉ ይቀዘቅዛል፤ በፀሐዩ ወራት እንኳ ሹራብ ደርበን ነበር የምንገባው። አራት ነበርን። እኔ እንግሊዝ አገር ሒሳብ ተምሬ በሁለተኛ ዲግሪ የተመለስኩ ነኝ። እሱ፣ ያ ቃል የገባልኝ ሰው፣ እዚሁ አዲስ አበባ የተማረ መሐንዲስ ሲሆን፣ ስለ ማሽኑ የሚያውቀውን ሁሉ ከመጻሕፍት ብቻውን የለቀመ ነበር። ሦስተኛው ከሞስኮ የመጣ ነው፤ ማሽኑን «ኤቬኤም»፣ የሚበሳውን ካርድ «ፐርፎካርታ» ይላል። አራተኛውን፣ በዕድሜ ስለሚበልጡን፣ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር።

ያንኑ አንድ ዕቃ እኔ በእንግሊዝኛ፣ የሞስኮው በሩሲያኛ፣ ጋሼ ደግሞ ራሳቸው ባወጡለት ስም ስንጠራው፣ ሠልጣኞቻችን ሦስት የተለያዩ ዕቃዎች ይፈልጉ ነበር። ስለዚህ መማሪያ በአማርኛ እንዲታተም ተወሰነ፣ ኮሚቴ ተቋቋመ፣ ከላይ ሊቀመንበር ተላከልን። እኛ ግን ኮሚቴው ከመቋቋሙ ከዓመት በፊት ሥራውን ጀምረን ነበር፤ የምንሠራውም እንጦጦ ዳገት ላይ ነበር።

እሑድ የቀበሌ ስብሰባ ነው። ቅዳሜ እስከ ቀትር ሥራ ነው። የእኛ የነበረችው የቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነበረች። እኔ ከእናቴ ጋር ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ እነሱም በየካ ዙሪያ ስለምንኖር፣ አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ ተገናኝተን በባሕር ዛፉ መሐል ሽቅብ እንወጣለን። ደንቡን ያወጡት ጋሼ ናቸው። አንድ ሰው አዲስ የአማርኛ ቃል ሲያመጣ ቃሉን የሚሸከመው አምጪው አይደለም፤ ተቃዋሚው ነው። ተቃዋሚው ከአስፋልቱ ጫፍ እስከ ጉብታው ድረስ፣ ዝም ሳይል፣ የማሽኑን አሠራር በዚያ ቃል እያስረዳ ይወጣል። የለመደው የውጭ ቃል ካመለጠው ወይም ንግግሩ ከተቋረጠ ቃሉ ወደቀ። ሳያመልጠው ከደረሰ ወጣ። የቃሉ ባለቤት ተሸካሚውን በፊቱ ገጽታ እንዳይረዳው ከፊት ይሄዳል፤ ዞሮ ማየት ክልክል ነው። ጋሼ ከኋላ ሆነው ይዳኛሉ።

«ጠረጴዛ ዙሪያ የማይጥም ቃል የለም» ይሉ ነበር ጋሼ። «ትንፋሽ ሲያጥር ነው ምላስ ወደ ቤቷ የምትሮጠው። እስቲ ቤቷ የት እንደሆነ እንይላት።»

«መርሐ ግብር» ገና መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ወደቀ። «ትእዛዝ» ወጣ። «ግቤት» ወጣ። ከወደቁት ውስጥ ለአንዱ ሳምንት ሙሉ ያዘንኩለት አለ፤ እዚህ አላነሣውም።

ከሁሉ የከበደኝ ማሽኑ ቁጥሮችን ይዞ የሚያቆይበት ክፍል ስም ነበር። «ትውስታ» የሚሉ ነበሩ። አልተቀበልኩትም፤ ማሽን አያስታውስም፣ ይይዛል፣ መብራት ሲጠፋም ይጥላል። «ማኖሪያ» አልኩ። እሱ ተቃወመ።

«ሜሞሪ ይባል፣ ምን አለበት? መኪና ከጣልያን ነው የመጣው። ፍሬንም ከጣልያን ነው። ፍሬን የሚይዝ ሹፌር ሁሉ ጣልያንኛ ይናገራል?»

«መኪና ሆዱ ይከፈታል» አልኩት። «መካኒኩ እጅህን ይዞ፣ ዘይቱን እያስነካ፣ ይህ ይህን ይሠራል ይልሃል። ስሙ ምንም ቢሆን ነገሩን አይተኸዋል። የእኛን ማሽን ግን ከፍተህ ብታየው ምን ታያለህ? ሽቦ። ለማይታይ ነገር መግቢያው ስሙ ብቻ ነው። አንተ መግቢያውን በሰው አገር ቁልፍ ቆልፈህ ሠልጣኙን ግባ ትለዋለህ።»

በመጨረሻ «ተሸከም በሉኛ» አለ።

የካቲት 15 ቅዳሜ ነበር። ዝናብ ከጠፋ ወራት ስለሆነው መንገዱ ዱቄት ሆኗል። እንደ ደንቡ ከፊት ሄድኩ። ከኋላዬ ድምፁ ጀመረ፤ «ከካርዱ የተነበበው ቁጥር ወደ ማኖሪያው ይገባል። እያንዳንዱ ማኖሪያ የራሱ አድራሻ አለው። ማሽኑ የሚያውቀው አድራሻውን እንጂ…»

የሞስኮው ከጎኑ እየሄደ ሊያስተው ይጥር ጀመር። «ሜ…» ይላል፣ እንደ ፍየል። «ሜ… ሜ… በላት እንጂ፣ አፍህ ላይ ደርሳለች እኮ!»

«ጋሼ፣ ይህቺን ፍየል አስሩልኝ» አለ እሱ፤ ወዲያውም ሳይቋረጥ «ማኖሪያው ውስጥ ቀድሞ የነበረው ቁጥር አዲስ ሲመጣበት ይጠፋል፣ ስለዚህ…»

«ደንቡ ፍየል አይከለክልም» አሉ ጋሼ።

መሳቄን እንዳያዩብኝ ፍጥነት ጨመርኩ። በዚያ ዕድሜዬ ሰዎች ብዙ ነገር ብለውኛል፤ ስለ ዓይኔም፣ ስለ ዲግሪዬም። አንድ ሰው ያላመነበትን ቃሌን በትንፋሹ ተሸክሞ ከኋላዬ ዳገት ሲወጣ ግን ከዚያ በፊት አልሰማሁም፤ ከዚያም በኋላ አልሰማሁም። የባሕር ዛፉ ሽታ፣ ጫማዬ ውስጥ የገባው አቧራ፣ «ማኖሪያ» የሚለው ቃል በእሱ ድምፅ፤ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ናቸው፤ እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

ከጉብታው ዝቅ ብሎ «ትንፋሽ መቁረጫ» የምንለው ቀጥ ያለ ቦታ አለ። አብዛኞቹ ቃላት የወደቁት እዚያ ነው። እዚያ ስንደርስ እንጨት የጫኑ አህዮች ከላይ ወረዱብን፤ አቧራው ሁላችንንም ሸፈነን። የእሱ ድምፅ ተቋረጠ። ሳለ። ደጋግሞ ሳለ። ዞሬ ማየት አልችልም፤ ቆምኩ። ከዚያ ድምፁ ተመለሰ፤ «…ማኖሪያው ሲሞላ» አለ፣ ቀጠለም፣ እስከ ጉብታው። ጋሼ አቧራ የሰው ጥፋት አይደለም ብለው አለፉት።

ላይ ስንደርስ ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ እጄ ላይ ዘረገፈልኝ፤ የተሸነፈ ሰው ዕዳው ይኸው ነበር። ከተማው ከታች በጭስ ተሸፍኖ ተኝቷል።

«ወጣ» አለ፣ ገና እያለከለከ። «ቃልሽ ወጣ። ሰኞ እጄን ላንቺ ነው የማነሣው።»

«ለእኔ አይደለም» አልኩት። «ለቃሉ ነው።»

«እሺ መምህርት» ብሎ ሳቀ። «ለቃሉ።»

ሰኞ ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጓዶች፣ ይህን ማኖሪያ የተባለውን ሰፊው ሕዝብ ያውቀዋል?»

«ሜሞሪንስ ያውቀዋል?» አልኩ።

«እሱ ዓለም አቀፍ ቃል ነው፣ ጓዲት። ወዛደሩ በየአገሩ ይጠቀምበታል።»

«ሞስኮ አይጠቀሙበትም» አለ የሞስኮው፣ ለጆሮዬ ብቻ። ድምፅ ሲሰጥ ግን ከሊቀመንበሩ ጋር ሆነ። «ይህን ዕቃ አንዴ በሩሲያኛ፣ አንዴ በእንግሊዝኛ ተምሬዋለሁ፣ ሦስተኛ አልችልም» አለን፤ ከእሱ ሌላ አልጠበቅሁም። ጋሼና እኔ ለማኖሪያ ነበርን። የቀረው የእሱ እጅ ነው። ጠረጴዛውን እያየ ለሜሞሪ አነሣው።

«እንግዲህ በዚሁ መርህ» አለ ሊቀመንበሩ፤ በዓመት ውስጥ ዳገት የወጡት ቃላት ሁሉ ሻይ እስኪመጣ ድረስ ተሰርዘው አለቁ። መማሪያው በአማርኛ ፊደል፣ በእንግሊዝኛ ስም ታተመ። በሚቀጥለው ቅዳሜ አስፋልቱ ጫፍ ማንም አልመጣም። እኔ ቆሜ ስለነበር አውቃለሁ።

ለምን እንዳደረገው ሳልመረምር አልቀረሁም። ለሹመት አይደለም፤ አልተሾመም። ለነፃ ትምህርት ዕድል አይደለም፤ አልሄደም። ፈርቶ ይሆናል ብዬ ዓመታት ኖርኩ፤ ፍርሃት በዚያ ዘመን እንግዳ ስላልነበረ ይህ መልስ ያስኬድ ነበር። ንቄው ኖርኩ። ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ ሰላም ይለኛል፣ እመልሳለሁ፤ ከዚያ የሚያልፍ ነገር አልነበረንም።

ደርግ ሊወድቅ ሲቃረብ ጋሼ ታመሙ። ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ ሳልጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ያ ሳል አሁንም ይከነክነኛል» አሉኝ።

«የቱ ሳል፣ ጋሼ?»

«ትንፋሽ መቁረጫ ላይ። ሌላው ቃል ከአፉ ሊወጣ ሲል መሰለኝ የሳለው። ‹ሜ› ያለ መሰለኝ። አህዮቹም ነበሩ፤ አቧራውም ነበረ፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ዳኛ ነበርኩ፤ ልጠይቀው ይገባኝ ነበር።»

«ለምን አልጠየቁትም?»

«አንቺ ከፊት ቆመሽ ነበር» አሉ። «ፊትሽን አላየሁም። ጀርባሽ ግን ደስ ብሎት ነበር።»

ከዚያች ቀን ወዲህ በእርግጠኝነት የምንቀው ሰው የለኝም። ሳሉ የአቧራ ከሆነ ቃሉ በሐቅ ወጥቷል፤ ሰኞ የሸጠውም ያንኑ የወጣውን ቃል ነው። ሳሉ የማታለል ከሆነ ቃሉ ዳገቱ ላይ ወድቋል፤ ሐቀኛው እጅ የሰኞው ነው፤ ቅዳሜ የተሰጠኝም ፍርድ ሳይሆን ምጽዋት ነው። ምጽዋት ከሆነ ደግሞ፣ ለምን ብሎ ሰጠኝ የሚል ሌላ ጥያቄ አለ። ያንን አልጠይቅም።

አሁን የምኖረው አያት ሰፈር ነው፤ ሜዳ ነው፣ የሚወጣ ነገር የለውም። ስልኬን የሚጠግነው ልጅ «ሜሞሪው ሞልቷል፣ እማማ» ይለኛል፤ አላርመውም። ዘመኑ ለሰኞው እጅ እንደፈረደ አያለሁ። አንዳንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግን፣ በረንዳ ላይ ቆሜ፣ ከኋላዬ የሚናገር ሰው ያለ ይመስል ሳልዞር እቆማለሁ።

ጋሼ ሞተዋል። የሞስኮው የት እንዳለ አላውቅም። አንተ ግን እዚያው የካ እንዳለህ፣ ጋዜጣም መጽሐፍም እንደምታነብ ሰምቻለሁ። ለሰኞው ማብራሪያ አልፈልግም፤ ይቅርታም ከአንተ አልጠብቅም። የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው፤ መልሱንም የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። የካቲት 15 ቀን፣ ትንፋሽ መቁረጫ ላይ፣ አህዮቹ ሲያልፉ፣ የሳልከው ሳል እውነተኛ ነበር ወይስ አልነበረም? «ነበር» ወይም «አልነበረም» በል። ሌላ ቃል አትጨምርበት።