ድንጋዩ ላይ የተሳፈሩ ትርፎች

ባለፈው ሳምንት ከወሎ ሰፈር ወደ ካዛንቺስ በሚሄድ ሚኒባስ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ትርፍ ሆኜ ተሳፈርኩ። ዝናቡ አላስመረጠኝም። ሁለት ወንበር መሀል ተሰክቼ ኡራኤል ስንደርስ ረዳቱ «ፋዘር፣ ዝቅ ይበሉ፣ ትራፊክ!» አለኝ። ዝቅ አልኩ። ጉልበቴ ሲንቋቋ ሳቄ መጣ፤ እትዬ ትርንጎ ትዝ አሉኝ።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ካርድ ክፍል እሠራ ነበር። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ሳህሉ፣ ታካሚ ፍርሃቱን እንዲረሳ ብለው፣ መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ የጨው ውሃ የተሞላ የመስታወት ገንዳ አስቀምጠው ነበር። ውስጡ ሦስት ብርቱካንማ ዓሦች ይዋኛሉ። የምመግባቸው እኔ ነበርኩ። አንድ ክረምት የጂቡቲ መስመር ሾፌር የሆነው ወንድማቸው ከባሕር የወጣ ትልቅ ድንጋይ፣ ከነውሃው በበርሜል ይዞላቸው መጣ።

«ሕይወት ያለው ድንጋይ ነው» አለ ሾፌሩ፣ ገንዳው ውስጥ እያስገባ።

«ድንጋይ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ነፍስ የዘራው?» አሉ የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ትርንጎ።

ሳምንት ሳይሞላ ድንጋዩ ነፍስ ዘራ! ከአንዱ ቀዳዳ አምስት ቀጫጭን ክንዶች ብቅ አሉ። ከሌላው ጠጉራም ትል ወጣ። ምስር የምታክል ሸርጣን አየሁ፤ እንደ ላባ የሚዘረጋና ሲነኩት የሚሰበሰብ ነገርም ነበር። እኔ ቆሜ ማደር እስኪቀረኝ ድረስ አበድኩ። ምሳዬን ትቼ ኡራኤል ኢንተርኔት ቤት እሮጣለሁ። ያኔ ሥዕል ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ነበር የሚወርደው፤ ጭንቅላቱ ታይቶ እግሩ ሳይደርስ መስመሩ ይቋረጣል። ያየሁትን በደብተር እየሣልኩ እመለሳለሁ።

ስማቸው ሁሉ የፈረንጅ ሆነብኝና እትዬ ትርንጎን አማከርኳቸው። እሳቸው በየቀኑ ከቄራ የሚመጡት በታክሲ ነበር፣ አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ሆነው።

«አልተቆጠሩ፣ ወንበር የላቸው፣ መብራት ሲበራ ዝቅ ይላሉ» አሉ። «ትርፍ ናቸው በቃ!»

የደብተሩ ሽፋን ላይ በትልቁ «ትርፎች» ብዬ ጻፍኩ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ሰኞ ሦስቱ ዓሦች ሁለት ሆኑ፣ ሐሙስ አንድ ቀረ። ዶክተር ሳህሉ ደማቸው ፈልቶ ወደ እኔ መጡ። «ገንዳው አጠገብ በረኪና ያስቀመጠ አለ?» አሉኝ። የእትዬ ትርንጎን ጠርሙስ እዚያ አይቼ ነበር፤ አዎ፣ አይቻለሁ አልኩ። ውሸት አይደለም። ግን የተናገርኩት መጋቢው እኔ ስለሆንኩ፣ ነገሩ ወደ እኔ እንዳይዞር ፈርቼ ነው። ዶክተሩ እትዬ ትርንጎን ቅዳሜ ቁልፍ እንዲያስረክቡ አዘዟቸው። ቤታቸው የሚያድረው በዚያች ደመወዝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ገንዳው ወለል ላይ የተሰባበረ የቀንድ አውጣ ቅርፊት አገኘሁ። በረኪና ይገድል ይሆናል፤ ቅርፊት ግን እንዴት ይሰብራል? ይህን እያሰብኩ ስዋልል፣ አሥር ሰዓት ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ዝናቡ ወረደ፣ መብራትም ጠፋ። የገንዳው ፓምፕ ቆመ። ክፍሉ ጭር አለ።

ጠቅ!

ይህን ድምፅ ሳምንቱን ሙሉ ስንሰማው የፓምፑ ብልሽት ነው ስንል ሰንብተናል። «ፓምፑ ቆሟል እኮ!» ብዬ ጮህኩ። «ዶክተር! ፓምፑ ቆሟል፣ ድምፁ ግን አለ!»

ዶክተር ሳህሉ ጉንጩን ያደነዘዙትን ታካሚ ወንበር ላይ ትተው ወጡ። በአንድ እጃቸው ባትሪ፣ በሌላው ያቺን ጥርስ ማያ ትንሽ መስታወት ይዘዋል። እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ የተበላ መንጋጋ እንደሚመረምሩ ሁሉ፣ መስታወቷን ወደ ድንጋዩ ትልቅ ቀዳዳ አስጠጉ። ሁለት ዐይኖች በቀጭን ዘንግ ላይ ቆመው፣ አንዱ ወደ እኛ አንዱ ወደ ጣሪያ ሲዞር አየን።

«ዐይን አለው!» አሉ እትዬ ትርንጎ።

ጠቅ! መስታወቷ ተሰነጠቀች። ዶክተሩ ዘለው ኋላዬ ገቡ። በሩ ላይ የቆመው ታካሚ በደነዘዘ አፉ «ነቀሉት?» አለ።

ደብተሬን አገላበጥኩ። ከኡራኤል የገለበጥኩት ሥዕል እዚያው ነበር፤ የሸርጣን ዘመድ የሆነ የባሕር አዳኝ፣ የፊት እግሩን ደረቱ ሥር አጥፎ የሚያደባ፣ ሲመታ እንደ መዶሻ የሚመታ፣ ዓሣም ቀንድ አውጣም የሚበላ። «እሱ ነው! እሱ ነው!» እያልኩ ጨፈርኩ። ታካሚው እንኳ አብሮኝ አጨበጨበ።

ዶክተር ሳህሉ እጃቸው ውሃ እያንጠባጠበ ወደ እትዬ ትርንጎ ዞሩ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አሉ።

«ትርፍ የጫኑት ወንድምዎ፣ ልቀጣ የነበርኩት እኔ!» አሉ እትዬ ትርንጎ። ቁልፉም እሳቸው ዘንድ ቀረ።

ቅዳሜ ጠዋት ልናዘዝ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። «እትዬ፣ ስለ በረኪናው...» ከማለቴ አቋረጡኝ።

«አውቃለሁ። ካርድ ክፍልህ እኮ በር የለውም። ትራፊኩ ሲመጣ ዝቅ ያልከው አንተ ነህ» አሉ። ከዚያ ሳቁና ዳቧቸውን ገምሰው ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ የበላሁት ዳቦ ሁሉ ያን ያህል አልጣመኝም፣ ያን ያህልም አላነቀኝም።

«ትራፊኩ አልፏል ፋዘር፣ ቀና ይበሉ!» አለኝ ረዳቱ። ቀና አልኩ። «ትርፎች» ያልኩት ደብተር ዛሬም ቤቴ አለ። ከሸርጣኗ፣ ከጠጉራሙ ትልና ከባለ መዶሻው ቀጥሎ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ያን ቅዳሜ በገዛ እጄ የጻፍኩት የራሴ ስም ነው።