አሥራ ስምንት ዓመት ፖዝ ላይ የቆየ ጨዋታ

ሰፈርተኛው «ጋሼ መዝገብ» ይላቸዋል። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ቢወጡም፣ መዝገብ ቤቱ ከእሳቸው አልወጣም። ድሮ ልጆች ቴሌቪዥን ላይ ሰክተው ይጫወቱባቸው የነበሩትን የጌም ካሴቶች ከየጥገና ቤቱ እየለቀሙ ሦስት መቶ አሥራ አንድ አድርሰዋል። እያንዳንዱ ካሴት የራሱ ፋይልና ቁጥር አለው። ሚስታቸው እንኳ አቧራ ለመጥረግ ወደ ካሴቶቹ ክፍል የሚገቡት በማመልከቻ ነው።

ሕጋቸው አንዲት ናት፦ ያላለቀ ጉዳይ መደርደሪያ አይወጣም። ስለዚህ እያንዳንዱን ጨዋታ ራሳቸው ተጫውተው ሲጨርሱ «ተዘግቷል» የሚል ማኅተም ይመቱበታል።

ጉዱ ያለው ገና መደርደሪያ ያልወጣው 312ኛው ላይ ነው። ሴት ልጃቸው በአሥራ ሁለት ዓመቷ የመጨረሻው ዘንዶ ፊት ስትደርስ ፖዝ አድርጋ ለራት ተነሣች፤ ወደ ጨዋታው ሳትመለስ በዚያው ቀረች። ጨዋታው ከጠፋ እንደገና ከዜሮ ነው የሚጀምረው። እሳቸውም ማሽኑን አላጠፉትም። መብራት ሲሄድ በመኪና ባትሪ፣ ቤት ሲቀይሩም ከነባትሪው ታቅፈውት፣ ይኸው አሥራ ስምንት ዓመት። ለምን ራሳቸው እንደማይጨርሱት ሲጠየቁ፣ የሰው ጉዳይ በሌላ እጅ አይታይም ይላሉ። ፋይሉ ላይም «ባለጉዳይ ይጠበቃል» ብለው ጽፈዋል።

ዘንድሮ ልጅቱ የሦስት ሳምንት ሕፃን ታቅፋ መጣች። የሕፃኑን አልጋ የሚችለው ያ የካሴቶቹ ክፍል ብቻ ነው፤ ቦታውን ደግሞ ማሽኑና ባትሪው ይዘውታል። ሚስታቸው በቃ ይነቀል አሉ። እሳቸው ጉዳዩ ሳይዘጋ አልነቅልም ብለው ድርቅ አሉ፤ ዓይናቸው ግን ከሕፃኑ አልተነሣም።

ልጅቱ ሕፃኑን ለእናቷ አቀበለች። «ባለጉዳይዋ መጥታ የለ እንዴ? አምጣው አባዬ።»

ጋሼ መዝገብ አስፈርመው አስረከቧት። ፖዙን ለቀቀች። አሥራ ስምንት ዓመት አፉን ከፍቶ የጠበቀው ዘንዶ በአራት ሰከንድ ዋጣት።

ልጅቱ አባቷን ቀና ብላ ማየት አቃታት። «አባዬ፣ ተበላሁ እኮ።»

እሳቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፤ መልሰውም አደረጉ። «ሕጉ ጉዳዩ ይለቅ ነው የሚለው እንጂ ዘንዶው ይሸነፍ አይልም» አሉና ማኅተሙን መቱ። ከዚያ በገዛ እጃቸው ማሽኑን ነቀሉት።

ከሰዓት በኋላ አልጋው ቦታውን ያዘ። እግሩ ላይ አንዲት ካርድ ተንጠልጥላለች፦ ቁጥር 313፣ በሂደት ላይ። ሚስታቸው ሕፃኑን ሊያነሡ ጎንበስ ሲሉ፣ ጋሼ መዝገብ እስክሪብቶ አቀበሏቸው።