አርሜ ያቀረብኩት ግጥም

ልጄ ሶስና በአዲስ አበባ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ፓንክ ሮክ ትጫወት ነበር። ግጥሞቿን በእጃቸው የያዙ የደኅንነት ሰዎች ሁለት ጊዜ ወስደው ጠየቋት። ሦስተኛውን ሳንጠብቅ እሷና እኔ፣ ጡረተኛው አባቷ፣ አንድ ምሽት ቤታችንን ቆልፈን የሞያሌን መንገድ ያዝን። ጊታሯን ለጎረቤት ሰጠች፤ የግጥም ደብተሯን ግን ከልብሷ ስር ታጥቃ ወጣች።

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ተከራየን። አገር ቤት ላላችሁ ልንገራችሁ፣ ሐምሌው እንደ አገራችን ይበርዳል፣ ዝናቡ ግን የለም፤ ኡጋሊውንም ገንፎ ነው ብለን ቀረብነው፣ ቅቤና በርበሬውን ግን ከየት እናምጣ። የጥገኝነት ጥያቄያችን በእሷ ምክንያት፣ በአንድ ፋይል ቀረበ። ማስረጃው ግጥሞቹ ነበሩና ወደ እንግሊዝኛ የመመለሱን ሥራ እኔ ወሰድኩ። ዕድሜዬን በመንግሥት መሥሪያ ቤት የዘፈን ግጥም ስገመግም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ለዚህ ከእኔ የተሻለ አልታየኝም።

ጉዳያችንን የያዘው ኦፊሰር ትርጉሜን ሁለት ጊዜ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ።

«ምዜ፣» አለኝ፣ ሽማግሌን በሚያከብሩበት አጠራር፣ «ይህንን የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን እሑድ ቢዘምሩት ማንም ቅር አይለውም። ታዲያ ይህችን ልጅ ማን ያሳድዳታል?»

ሶስና ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። እሷ «አልሰለፍም፣ አልሰግድም፣ የማንም ልጅ አይደለሁም» ያለችውን እኔ «በሰልፉ ላይ ባለመገኘቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ ወላጆቼንም አከብራለሁ» ብዬዋለሁ።

«አባዬ፣ ዛሬም ቢሮ ነህ እንዴ?»

«ጨዋ ልጅ መሆንሽን እንዲያውቁ ብዬ ነው።»

«ጨዋ ብሆን እዚህ ምን እሠራለሁ?»

ኦፊሰሩ ትርጉሙን ደግመን እንድናቀርብ ሁለት ሳምንት ሰጠን። ደብተሩን በዘረጋሁ ቁጥር ግን አንድ ሰው ይመጣብኛል፦ ያኔ ቢሮዬ ቆሞ «ጋሼ፣ ይህቺን መስመር ብቻ ይተዉልኝ» ያለኝ ጎልማሳ ዘፋኝ። «ለአንተው ብዬ ነው» ብዬ ሰረዝኳት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ፤ ከዚያ ወዲህ ሲዘፍን የሰማው ሰው አላገኘሁም። አሁን ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የሚቀመጥ ሰው ጀርባ ሁሉ የእሱ ይመስለኛል፤ ስወርድም ዞሬ ፊቱን ለማየት አልደፍርም። መስመሯን እስከ ዛሬ በቃሌ አውቃታለሁ።

የሶስናን ግጥም እንዳለ መለስኩት። «የማንም ልጅ አይደለሁም» የምትለዋ ብቻ ሦስት ቀን ፈጀችብኝ።

«ሁለት ትርጉም አለኝ፣» አለ ኦፊሰሩ በቀጠሯችን ቀን፣ «አንዱ ውሸት ነው። ሁለተኛውን ለጥገኝነት ብላችሁ እንዳልፈጠራችሁት በምን ልወቅ?»

«እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው በለው፣» አለችኝ ሶስና በአማርኛ፣ ቀስ ብላ።

እንግሊዝኛዬ ደካማ አይደለም። ለምን እንዳለሳለስኩት፣ ማን እንዳስለመደኝ፣ በየትኛው ማዕረግ ምን ምን እንደሰረዝኩ በቅደም ተከተል አስረዳሁት። ዘፋኙንም ነገርኩት። ኦፊሰሩ መጻፉን አቆመ፤ ቀጥሎም አዲስ ገጽ ገለጠ።

የሶስና ጥያቄ ተቀባይነት ማግኘቱን፣ የአባቷ ጉዳይ ግን በቀድሞ የሥራ ኃላፊነቱ ምክንያት ከፋይሏ ወጥቶ ለብቻው እንዲመረመር መታዘዙን የሚገልጸው ውሳኔ የተፈረመው ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11 ቀን ነው።