የወረቀቱ ጀርባ

አጥናፉ ኮፒ ማሽኗን «እሷ» ነው የሚላት። ዛሬ እሷ ደህና ናት፤ ዛሬ እሷ አኩርፋለች። ጉለሌ ውስጥ ባለ አንድ የዐቃቤ ሕግ ቢሮ መዝገብ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ ሦስት ማሽን አርጅቶበታል፤ ሦስቱንም «እሷ» ብሏቸዋል። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በሌለበት «አጥናፉ ኮፒ» ይሉታል፤ ፊት ለፊት ግን ጋሽ አጥናፉ ነው።

ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው። ክስ ሲመሠረት ዐቃቤ ሕጉ የያዘው ማስረጃ፣ የምስክሮች ቃል ጭምር፣ ተቀድቶ ለተከሳሹ ይደርሰዋል። ሰው ምን እንደተባለበት ካላወቀ በምን አፉ ይከላከላል? ያንን የሚቀዳው አጥናፉ ነው። ወረቀት ያነሣል፣ ያስተኛል፣ ክዳኑን ይዘጋል፣ ያወጣል። የሚቀዳው ግን ፊቱን ብቻ ነው። ድሮ ወረቀት አለቀ እያለ መከራቸውን የሚያበላ አለቃ ነበራቸው፤ ባዶ ጀርባ ቀድተህ ወረቀት አባከንክ ብሎ አንድ ቀን ሰው ፊት አዋረደው። አለቃው ጡረታ ወጣ፤ ልማዱ ከአጥናፉ ጋር ቆየ። መርማሪ ፖሊስ ደግሞ ቅጹ ሲሞላበት ሌላ ቅጽ ፍለጋ አይነሣም፤ ገልብጦ ጀርባው ላይ ይጨርሳል። አጥናፉ ይህን ያውቃል። ሲያስታውስ ይገለብጣል፣ ሲቸኩል አይገለብጥም።

መጋቢት ላይ አንድ የፍርድ ቤት ትእዛዝ መጣ። ጳውሎስ አካባቢ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ ኢታና የሚባል ሰው፣ ነሐሴ ላይ አንዲት ሴት ደብድቦ ቦርሳ ቀምቷል ተብሎ ከታሰረ ሰባት ወሩ ነበር። ጠበቃው የተሰጠን የምስክር ቃል ደብዝዞ አይነበብም ብሎ አመለከተ፤ እንደገና ተቀድቶ ይሰጠው ተባለ። አጥናፉ «ያኔ ቀለሟ አልቆ ነበር» እያለ ዋናውን መዝገብ አወጣ።

ምስክሩ የፋርማሲ ጥበቃ ነው። ቃሉም ቁርጥ ያለ ነው፦ «ቦርሳውን ይዞ ሲሮጥ ያየሁት ጎሚስታ የሚሠራው ኢታና ነው።» አጥናፉ ወረቀቱን ሊያስተኛው ሲል ከግርጌው ፊርማ እንደሌለ አየ። ምስክር ሳይፈርም አይሄድም። ገለበጠው። ጀርባው ላይ ሦስት መስመር ተጽፏል፦ «ዝናብ ስለነበር መልኩን በዐይኔ አላየሁም። ኢታና ነው ያሉኝ እዚያ የነበሩ ሰዎች ናቸው።» ከሥሩ ፊርማና ቀን አለ።

ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። አሁንም ፊቱን ብቻ አጥርቶ ቢቀዳ ትእዛዙ ተፈጸመ፤ ጠያቂም የለው። ጡረታው ሁለት ዓመት ነው የቀረው። ይህን ማሰቡ ራሱን አሳፈረው። ተነሥቶ ሁለቱንም ገጽ ቀዳና መዝገቡን ይዞ ወደ ዐቃቤ ሕጓ ወደ ሮሃ ክፍል ወጣ።

ሮሃ መዝገቡን የተረከበችው የቀድሞው ዐቃቤ ሕግ ሲዛወር ነው። የምትሠራበት ኮፒም አጥናፉ ፊቱን ብቻ የቀዳው ነበር። ጀርባውን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ጋሽ አጥናፉ፣ ይሄ ለጠበቃው አልደረሰም?»

«አልደረሰም። እ... ማለቴ፣ እኔ ነኝ ያልቀዳሁት። ጀርባውን አልገለበጥኩትም።»

«ሌላ ምስክር እኮ የለኝም።» መዝገቡን መለሰችለት። «ዛሬውኑ ይስጡት። ለእኛ የሚጠቅመውን ብቻ መርጠን አንሰጥም።»

«ስሕተቱ የማን እንደሆነም ይጻፍበት» አላት።

ተጻፈ፤ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ደረሰው። ጥበቃው ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲጠየቅ ያንኑ ተናገረ፤ ዝናብ ነበር፣ መልኩን አላየሁም አለ። ኢታና መከላከል ሳያስፈልገው በነፃ ተሰናበተ። አጥናፉ ወሬውን ሲሰማ እፎይ አለ። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ መሰለው።

በሳምንቱ ዓርብ የኢታና እናት ወይዘሮ ደሳለች መዝገብ ቤት ድረስ መጣች። ወረቀቱን ያገኘው አንድ ሽማግሌ ነው ብለዋታል። ሁለት እጁን ያዘችው።

«ጌታ ይባርክዎት፣ ወንድሜ። ልጄን አወጡልኝ።»

አሜን ቢል ያልቅ ነበር። ሆዱ እንቢ አለው።

«እኔ አላወጣሁትም» አለ። «ያ ወረቀት መስከረም ላይ በእጄ ነበር። ጀርባውን ሳልገለብጥ ሰጠኋቸው። ያኔ ገልብጬው ቢሆን ልጅዎ ይኼን ሁሉ ጊዜ አይታሰርም ነበር።»

እጁን ለቀቀችው። አልጮኸችም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«አባቱን በጥር ቀበርነው» አለች። «ኢታና አልቀበረም።»

አጥናፉ ይህን አያውቅም ነበር። ከመስከረም እስከ ጥር ስንት ወር እንደሆነ በልቡ ቆጠረ።

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ዛሬ አልችልም» አለች፤ ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ የለም። «ልዋሽዎት አልፈልግም። እንድችል እርስዎም ይጸልዩልኝ።» ተነሥታ፣ ደህና ይሁኑ ብላ ወጣች።

እሑድ ማለዳ እንጦጦ ማርያም ወጣ። ሁልጊዜ ለራሱ የሚለምነው አያጣም፤ ጉልበቱ አለ፣ ጡረታው አለ። ያን ቀን ግን ለራሱ ምሕረት መለመን አፈረ። ጴንጤ ናት፣ የክርስትና ስሟን አላውቅም፣ ደሳለች ትባላለች አለ፤ ይቅር ማለት እንድትችል እርጃት፣ ባትችልም እንዳይፈረድባት አማልጃት ብሎ ለመነላት።