ኡበይደላና ባለ ሦስት እግሩ

ኡበይደላ መርሳ ከተማ ውስጥ አነስተኛ ፎቶ ቤት አለው። በሀብሩ ወረዳ ገጠሮች ሰርግ ሲኖር ካሜራውን አንግቶ የሚሄደው እሱ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ማንጎ ሊያወርድ ዛፍ ላይ ወጥቶ ወደቀና ቀኝ እጁ ተሰበረ። ስብራቱ ዳነ፤ እጁ ግን መንቀጥቀጥ ያዘ። ከዚያ በኋላ ውርጌሳ ሄዶ ያነሳው ሰርግ ሙሽራዋን መንታ አድርጎ አወጣት። ቤተሰቦቿ ክፉ ቃል አልወጣቸውም፤ ፎቶዎቹን ዝም ብለው ማገላበጣቸው ግን ከስድብ በላይ ከበደው።

መላ የዘየደችው ሚስቱ ቡርቱካን ነች። ካሜራውን ትከሻዋ ላይ አስደግፎ እንዲያነሳ ነገረችውና በየሰርጉ አብራው መሄድ ጀመረች። ከፊቱ ቆማ ትንፋሿን ዋጥ ታደርጋለች፤ እሱ ያነሳል። ችግሩ ቡርቱካን ሳቂታ ናት። ሳቋ ባመለጣት ቁጥር ሰርገኛው ሁሉ ካሜራው ውስጥ ይናወጣል። ዘፈን ከተጀመረማ የወሎ ሴት ትከሻ መቼ አርፎ ይቆማል።

አንድ ቀን ወልድያ ሄዳ ትራይፖድ የሚሉትን ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ ገዝታለት መጣች። ኡበይደላ አኮረፈ። በጉብዝናዬ ምርኩዝ አስያዝሽኝ አላት።

"አንተ ምርኩዝ በለው፤ እኔ ግን ስንት ሰርግ ውዬ አንድ ቀን እንኳ አልጨፈርኩም" አለችው።

ኡበይደላ ትራይፖዱን አንስቶ ከካሜራው ጎን አስቀመጠው።

ትራይፖዱን መጀመሪያ የዘረጋው ሲሪንቃ አጠገብ፣ ኢሕሳን የምትባል ልጅ ስትዳር ነው። ሙሽሮቹን ማሽላው ከታጨደበት ማሳ ዳር አቁሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያነጣጥር፣ የማሳው ባለቤት አባባ ሀብቴ ዱላቸውን ይዘው ከተፍ አሉ። መንገድ ቀያሾች እንዲህ ያለ ነገር ተክለው ሲለኩ አይተው ኖሯል።

"ማሳዬን ለካ ያለህ ማነው?"

ኡበይደላ መሬት እንደማይለካ ነግሯቸው፣ ቀርበው እንዲያዩ ጋበዛቸው። ጎንበስ ብለው አዩ። ሙሽሮቹን ሲያዩ ቁጣቸው ረገበ። ቀና ሲሉ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

"እኔና ባለቤቴ አልማዝ አብረን የተነሳነው ፎቶ የለንም" አሉ።

"ይጥሯቸዋ፣ አባባ" አላቸው።

ወይዘሮ አልማዝ ነጠላቸውን ቀይረው እስኪመጡ ፀሐይ ዘቀዘቀች፣ ነፋስም ተነሳ። ብርሃኑ ስለደከመ ካሜራው ለረጅም ጊዜ ሳይነቃነቅ መቆየት ነበረበት። ቡርቱካን ከባድ ቦርሳዋን ከትራይፖዱ መሃል አንጠለጠለችው፤ እግሮቹ ረጉ። ኡበይደላ ካሜራው ራሱ ቆጥሮ እንዲያነሳ አዘጋጀና እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆመ። ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ዋርካ ቀጥ አሉ። በመጨረሻ ወይዘሮ አልማዝ አንድ ነገር በሹክሹክታ ተናገሩ፤ አባባ ሀብቴ ፈገግ አሉ፤ ካሜራውም ያኔ ቀጭ አለ።

ፎቶው ጥርት ብሎ ወጣ። የነጠላው ጥለት ሳይቀር ይለያል። ኡበይደላ አልሐምዱሊላህ ብሎ ደጋግሞ አየው። ለቡርቱካን ሊያሳያት ዞር ሲል ግን የለችም፤ ዳሱ ውስጥ ገብታ ትጨፍራለች።

ፎቶውን አሳጥቦ ራሱ ወሰደላቸው። ወይዘሮ አልማዝ ከበሩ ትይዩ ሰቀሉት። አባባ ሀብቴ ግን ቅር አላቸው፤ እሷን ልጃገረድ አስመስለህ እኔን አስረጀኸኝ አሉት። ለፋሲካ ተመልሶ ከበሬያቸው ጋር እንዲያነሳቸው አስምለው ሸኙት።