የጠርጥር አንገት

ቡችላዋን ከጃኬትሽ ውስጥ አውጥተሽ ጭኔ ላይ ስታስቀምጫት መጀመሪያ የመጣብኝ የአፏ ሽታ ነው። ወተትና እርጥብ አፈር የተቀላቀለበት፣ ሌላ ምንም ነገር የማይሸተው ሽታ። «እንዴት ነው የማሳድጋት?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ቶሎ ያልመለስኩልሽ መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም። ያ ሽታ ይዞኝ ሄዶ ነው፤ ከቆቦ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጎብዬ በሚወስደው አስፋልት ዳር ወደነበረው ቤታችን።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ሽንኩርትና ማሽላ ያመርታል። በዚያ ዓመት ከየማሳው የውሃ ሞተር የሚሰርቁ ሰዎች ተነሥተው ነበር። የጎረቤታችን ሞተር ከጠፋ በኋላ አባቴ እንቅልፍ አጣ። አንድ የገበያ ቀን ከቆቦ ሲመለስ በሽንኩርት ጆንያ ቡችላ ይዞ መጣ። ከእናቱ የሚለይበት ጊዜ ገና አልደረሰም፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል፤ ጣቴን ስሰጠው ጡት መስሎት ጠባው። አባቴ ስሙን «ጠርጥር» አለው። በእኛ አገር የውሻ ስም የሚወጣው ለውሻው ብቻ አይደለም፤ በደጅ የሚያልፍ ሁሉ እንዲሰማው ነው።

«ማንም እንዳይዳብሰው» አለን። «ሰው የለመደ ውሻ ጠባቂ አይሆንም።»

በአንገቱ ዙሪያ የአጥር ሽቦ ጠመጠመለት፤ በሽቦው ላይ ሰንሰለት አያያዘና ከአገዳው ክምር አጠገብ ካስማ ተክሎ አሰረው። ቁጡ እንዲሆን ምግቡ ላይ ሚጥሚጣ ይነሰነስበታል። መንገደኛ ልጆች ድንጋይ ሲወረውሩበትም አባቴ አይከለክልም፤ «ይልመደው» ይላል። ክፉ ሰው እንዳይመስልሽ። በሬ ሲታመምበት በረት ውስጥ አብሮ የሚያድር ሰው ነበር። ውሻ ግን ለእሱ እንደ አጥር ነው፤ እሾሁ በበዛ ቁጥር የሚሻል።

በዚያው ክረምት የእናቴ ወንድም ከእኛ ጋር ሊኖር መጣ። ዕድሜውን በሙሉ በፖሊስ ቤት ውሻ ሲያሰለጥን ኖሮ፣ ጉልበቱ አልታጠፍ ሲለው ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እንደ ደረሰ ከዘራውን ተደግፎ ጠርጥርን ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ጠርጥር አድጓል። ሰንሰለቱን እስከ ጫፍ ወጥሮ፣ ጅራቱን ሆዱ ሥር ወሽቆ ይጮኻል።

«ይሄ ውሻ ቁጡ መስሎሃል» አለው አጎቴ አባቴን። «ፈርቶ እኮ ነው። የፈራ ውሻ ሌባና ሕፃን አይለይም።»

አባቴ ሳቀ። «የመንግሥት ውሻ ሥጋ እየበላ ይሠለጥናል። የገበሬ ውሻ በሰንሰለት ያድጋል።»

እናቴ ጎመን እየቀነጠሰች «ተዉት በቃ፣ ሁለታችሁም» አለቻቸው። ተዉት።

ከአጥራችን ማዶ አንዲት ሙስሊም ጎረቤት ነበረችን። ባሏ በጭነት መኪና ሥራ ከቤት ርቆ ስለሚከርም ከትንሽ ልጇ ጋር ነው የምትውለው። ልጅቷ ገና ትምህርት ቤት አልገባችም። ከሰፈሩ ሁሉ ጠርጥርን የማትፈራው እሷ ብቻ ነበረች። አባቴ ማሳ ሲወርድ ጠብቃ የቂጣ ቁራሽ ይዛ ትመጣና ትወረውርለታለች። እሱም ለእሷ ብቻ ዝም ይላል፤ ጅራቱም ለእሷ ብቻ ከሆዱ ሥር ይወጣል።

አንድ የሚያቃጥል ቀን ነበር። የዞብል ተራራ በአቧራ ተሸፍኖ አይታይም። እኔ ጓሮ ዩኒፎርሜን እያጠብኩ ነው። ሰንሰለቱ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ፤ ቀጥሎ አንድ አጭር ድምፅ፤ ከዚያ ዝምታ። ያስሮጠኝ ዝምታው ነው። ስደርስ ልጅቷ ቆማለች። ክንዷን የራሷ እንዳልሆነ ሁሉ ከሰውነቷ አርቃ ይዛዋለች፤ ደሙ በክርኗ ይንጠባጠባል። አላለቀሰችም።

«አንገቱን ባቅፈው ነከሰኝ» አለችኝ፣ ጠርጥርን ለእኔ እንደምትከስ።

አጎቴ እያነከሰ ደረሰ። የተሰበሰቡት ሴቶች አንዷ «ከፀጉሩ ተቃጥሎ ቁስሉ ላይ ይደረግላት» ስትል እጁን ዘረጋና ከለከላት። «ምንም አይደረግባትም። ሳሙናና ውሃ ብቻ።» እኔን ደግሞ «እጅሽ እስኪዝል እጠቢላት» አለኝ። እናቴ ከጀሪካኑ ስታፈስልኝ እኔ አጠብኩ። ልጅቷ አሁን ማልቀስ ጀመረች። እናቷ ጫማ ሳታደርግ በአጥሩ ቀዳዳ መጣች፤ ልጇን ታቅፋ አስፋልቱ ላይ ባጃጅ አስቆመች። እናቴም አብራት ሄደች።

ቆቦ የጤና ባለሙያው ክትባቱን በዚያው ሰዓት አስጀመራት። ቁስሉ በደንብ መታጠቡ ጥሩ ነው አላቸው። ውሻው ተከትቦ ያውቅ እንደሆነ ሲጠይቅ እናቴ አንገቷን ደፋች።

«እንዳትገድሉት» አላቸው። «እሰሩና ተመልከቱት። ከሳምንት በላይ ደህና ሆኖ ከቆየ ሲነክሳት የእብደት በሽታው አልነበረበትም ማለት ነው። የልጅቷ ክትባት ግን እንዳይቋረጥ።»

እነሱ ገና ሳይመለሱ በራችን ላይ የልጅቷ አጎት፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ ክላሹን ይዞ ቆሟል። አባቴም የራሱን መሣሪያ አውጥቷል።

«የእህቴ ልጅ ደሟ ፈሷል። ዘወር በሉልኝ» ይላል ሰውየው።

«ውሻው የእኔ ነው፤ እኔው እገድለዋለሁ» ይላል አባቴ።

ሁለቱም የሚሉት አንድ ነገር ሆኖ ሳለ እርስ በርስ የሚተያዩበት ዓይን ግን የሚያስፈራ ነበር። አጎቴ ከዘራውን ተደግፎ ከጠርጥር ፊት ቆመ። «ከሞተ በኋላ አብዶ ነበር አላበደም ማን ይነግረናል?» አለ። የሰማው የለም። ሰውየው ክላሹን አቀባበለ። ያ የብረት ድምፅ ዛሬም ድንገት በር ሲዘጋ ይመጣብኛል።

ያን ጊዜ ጎረቤታችን ከባጃጁ ወረደች። ልጅቷ ክንዷ ተጠቅልሎ ጀርባዋ ላይ ተኝታለች።

«ወንድሜ፣ መሣሪያህን መልስ» አለችው፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «የውሻ ሞት ለእኔ ምን ያደርግልኛል? የልጄን ነገር የማውቀው እሱ በሕይወት ካለ ነው።» ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። «አያ፣ አንተም እንዳትነካው። ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ አየዋለሁ።»

አባቴ መሬት መሬት እያየ «እሺ እታለም» አላት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት እንዴት እንዳለፉ በቅደም ተከተል ልነግርሽ አልችልም። በየጠዋቱ ከአጥሩ ማዶ «አደረ?» ትለኛለች። «አደረ» እላታለሁ። በላ ወይ፣ ጠጣ ወይ፣ ድምፁ ተለወጠ ወይ ትላለች። ሳህኑን በረጅም እንጨት እየገፋሁ የማቀርብለት እኔ ነበርኩ፤ ማንም እንዳይጠጋው አጎቴ ከልክሏል። ልጅቷ ከእናቷ ጀርባ ሆና በአጥሩ ቀዳዳ ታየዋለች። ሰፈሩ ሁሉ ድምፁን ቀንሶ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ጠርጥር ምግቡን ሳይነካው ቀረ። ውሃ ሳቀርብለት ተነሣ፤ አፉን ወደ ሳህኑ አደረሰና እየተንቀጠቀጠ ወደ ኋላ ሸሸ። ምራቁ እንደ ክር ወርዶ አፈሩ ላይ አረፈ። ያበደ ውሻ ውሃ ይሸሻል ሲባል ያልሰማ ማን አለ?

«አደረ?» አለችኝ ከማዶ።

ልዋሻት አልቻልኩም። «አደረ። ግን ውሃ እምቢ አለ።»

የአጥሩን እሾህ በእጇ እንደ ያዘች ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አላህን ትለምናለች። አባቴ መሣሪያውን ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ።

አጎቴ ግን ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠርጥርን ያያል። ቸኩሎ አያውቅም። አባቴ መሣሪያውን ይዞ ሲወጣ «ቆይ» አለው። «ውሃውን አልፈራም። ይኸው ደግሞ ተመልሶ ሄደ፤ ይፈልገዋል። መዋጥ ነው ያቃተው። እስኪ አንገቱን እዩት።»

አየን። ሽቦው የለም፤ ሰንሰለቱ ከፀጉሩ ውስጥ የበቀለ ይመስላል። ደንግጬ ወደ አጎቴ ዞርኩ። «ገብቷል» አለኝ። በቡችላነቱ የተጠመጠመውን ሽቦ ማንም አላላውም ነበር። ጠርጥር አደገ፤ ሽቦው አላደገም። ቆዳው ሽቦውን ውጦ፣ ፀጉሩ ከላይ ሸፍኖት፣ ሥሩ አብጧል። ሰሞኑን በነፋስ ሲመጣብኝ የነበረው ሽታ የምን እንደሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ።

«ልጅቷ የቱ ጋ ነበር ያቀፈችው?» አለ አጎቴ።

«አንገቱን» አልኩ።

አባቴ መሣሪያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈው።

ለእንስሳት ሐኪሙ ደወልን፤ ሩቅ ቀበሌ ወርዶ ስለነበር ስልኩ አይሠራም። ፀሐዩ እየከረረ ሄደ፤ ጠርጥር ጎኑን ጥሎ ያለከልካል። ለእኛ ውሻው ነበር የሚሞተው። ለማዶዋ ሴት ግን አሁን ከሞተ የልጇ ነገር ሳይታወቅ መቅረቱ ነው። አጎቴ ሽቦውን ሊፈታ ተነሥቶ ለመንበርከክ ሞከረ፤ ጉልበቱ አልታዘዘውም።

«እኔ ነኝ የጠመጠምኩት» አለ አባቴ። «እኔው እፈታዋለሁ።»

በዚያ ሙቀት የክረምት ካፖርቱን ለበሰ፤ እጁ ላይ ወፍራም ፌስታል ደራርቦ አሰረ፤ ፒንሳ ያዘ። አጎቴ ከመቀነት ቁራጭ ማነቆ ሠርቶ ከኋላ በኩል በእንጨት ጫፍ የጠርጥር አፍ ላይ አስገባና ጠበቅ አደረገው።

«ፊት ለፊት አትምጣበት። በጎኑ ና። ዓይን ዓይኑን አትየው። እጅህ አይቸኩል። ድምፅህን አሰማው።»

«ምን ልበለው?»

«ለበሬህ የምትለውን።»

አባቴ ተንበረከከ። ጠርጥር ከሆዱ ውስጥ በሚወጣ ድምፅ አጉረመረመ። እናቴ ክንዴን ጨምቃ ይዛኛለች። «ቀስ… ቀስ የእኔ ጌታ… አይዞህ… ይኸው ደረስን…» አባቴ ጠርጥርን በቁጣ እንጂ በሌላ አንደበት ሲያናግረው ሰምቼ አላውቅም ነበር። ፒንሳው አዳለጠና ሳተ። ጠርጥር በመላ ሰውነቱ ተንፈራገጠ፤ አባቴ እጁን አላነሣም። ደግሞ ሞከረ። ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ። ሽቦውን ከሥጋው ውስጥ ሲስበው ጠርጥር እንደ ሰው አቃሰተ። አባቴ ሰንሰለቱን በገመድ ከደረቱ ዙሪያ አሰረለት። ከዚያ አጎቴ ማነቆውን ለቀቀ፤ አባቴ ወደ ኋላ ተሳበ፤ ሁላችንም ቆመን ጠበቅን።

ጠርጥር ቀስ ብሎ ተነሣ። ወደ ሳህኑ ሄደ። ምላሱ ውሃውን ሲመታ የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነበር በግቢው ውስጥ ያለው። ማዶ ያለችው ሴት ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

አባቴ እጁን እስከ ክርኑ በሳሙና ሲታጠብ ብዙ ቆየ። ማንንም አላየም።

ጠርጥር ዳነ። የተባለው ጊዜ አለፈ፤ ልጅቷም ክትባቷን ጨረሰች። የመጨረሻው ጠዋት ጎረቤታችን «አደረ?» ስትል «አድሯል፤ ቂጣም በልቷል» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለች።

ይኸው፣ ቡችላሽ የጫማዬን ክር እያኘከች ነው። አትምቻት። ሌላ የምታኝከው ነገር ስጫት። ይህን የነገረኝ አጎቴ ነው። ትምህርታችን የተጀመረው ከዚያ በኋላ ነበር። የቆዳ የአንገት ማሰሪያ ሲገዛ በሥሩ ሁለት ጣት መግባት አለበት አለኝ፤ እያደገ ሲሄድም በየጊዜው መለካት። ስሙን በቁጣ አትጥሪው፤ ስሙን ሲሰማ ጥሩ ነገር ይምጣለት። ሲበላ አትንኪው። መጀመሪያ የባጃጅ ድምፅ በሩቅ ይስማ፤ ካልደነገጠ ትንሽ ጠጋ በሉ፤ ከደነገጠ ተመለሱ። በጎን ስቀርበው፣ በቂጣ ቁራሽ ቁጭ ማለት ሳስተምረው፣ አባቴ ከማሽላው ውስጥ ሆኖ እንዳላየ ያየናል። ሚጥሚጣው ቀረ። ሰንሰለቱም ሲመሽ እየተፈታ ቀረ። ጠባቂነቱን አልተወም፤ የሰውን ኮቴ ለይቶ ያውቃል፤ ሞተራችንም አልተነካም።

የከበደው የልጅቷ ነገር ነው። እሷ እሱን ትፈራለች፤ እሱም እሷን ሲያይ አንገቱን ይቀብራል። አጎቴ «ማንም አያስገድዳቸው» አለ። እናቷ ጭኗ ላይ አስቀምጣት ከሩቅ ቂጣ ትወረውርለታለች፤ እሱ ያነሣና ይሄዳል። ሽንኩርቱ ተለቅሞ ሌላ ሽንኩርት እስኪተከል እንዲህ ቆዩ። አንድ ከሰዓት ጠርጥር ቂጣውን በልቶ ሳይሄድ ቀረ። ጎኑን ሰጥቷቸው ተኛ። ልጅቷ እናቷን ቀና ብላ አየች።

«ቢስሚላህ በዪና» አለቻት እናቷ።

አለች። ጀርባውን ነካችው። አንገቱን አልነካችም።

ጠርጥር የሞተው አርጅቶ ነው፤ እኔ ከተማ ከገባሁ በኋላ፣ አጎቴም ካረፈ በኋላ። ሲደወልልኝ ሄድኩ። በእኛ አገር የሞተ ውሻ ገደል ይጣላል፤ የቀረውን ጅብ ያውቃል። አባቴ ግን ከግራሩ ሥር ጉድጓድ ይቆፍር ነበር። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች ቆሙ፤ አንዱ «ለውሻ ደግሞ መቃብር ተጀመረ?» ብሎ ሳቀ። አባቴ መቆፈሩን አላቋረጠም። ጠርጥርን በራሱ ጋቢ ጠቅልሎ አወረደው፤ አፈሩን መለሰበት።

ጎረቤታችን በአጥሩ ቀዳዳ መጣች። ልጇ አብራት አለች፤ ቁመቷ ከእናቷ በልጧል፤ ክንዷ ላይ ያሉት ጠባሳዎች ነጣ ብለዋል። ሁለቱም ከአፈሩ ፊት ቆሙ።

«አያ፣ አላህ ሰብሩን ይስጥህ» አለችው ሴትየዋ።

ይህ ሰው ለሞተበት እንጂ ለውሻ የሚባል ነገር አይደለም። መንገዱ ላይ ያሉት ሰዎች ሰምተዋል። አባቴ ምን ይል ይሆን ብዬ አየሁት። አካፋውን ዛፉ ላይ አስደግፎ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አሜን፣ እታለም» አላት።